ልዩነቴ ይመዝገብልኝ

የቦርድ ጸሐፊ ነኝ። የተማርኩት ሕግ ነው፤ የምኖረው ግን አጀንዳ በማዘጋጀት፣ ቃለ ጉባኤ በመያዝና በማስፈረም ነው። (ጸሐፊ ስባል ታይፒስት የምመስለው ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ሻይ እንዳዝለት ዓይኑን የሚያቀናልኝም አለ።) ስብሰባ ላይ እንድናገር ስለማይጠበቅብኝ ሌሎች ሲናገሩ በደንብ እሰማለሁ። አቶ እገሌን «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ያሉ ሰብሳቢ፣ በማዕረግ እኩያቸው ወደሆነችው የመምሪያ ኃላፊ ዞረው «አንቺስ?» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሴት የሥራ መሪዎች ድፍረት ያንሳቸዋል ይባላል። የሚሰጠው ሥልጠናም ይህንኑ ይዞ ይሄዳል፤ ቀና ብለሽ ተቀመጪ፣ ድምፅሽን አሰሚ፣ በራስሽ ተማመኚ። ከተቀመጥኩበት ጥግ የሚታየኝ እንዲህ አይደለም። ሴቶቹ ይናገራሉ። የተናገሩት ግን ወረቀቱ ላይ አይደርስም።

እንዴት እንደሚቀር ልንገራችሁ። አንዲት ኃላፊ ያልተስማማችበትን ነገር ስታነሣ ብዙ ጊዜ በጥያቄ ትጠቀልለዋለች። «ተሳስቼ ካልሆነ፣ ይህ ወጪ ባለፈው ሩብ ዓመትም ተይዞ አልነበረም ወይ?» ትላለች። ወጪው ተደግሟል፣ አልስማማም ማለቷ እንደሆነ ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ይገባዋል። ማኔጅመንቱ ሁለት ደቂቃ ያብራራል፤ እሷም ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። በመዝገብ የሚቀረው «ጥያቄ ቀርቦ ማብራሪያ ተሰጥቶበታል፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ነው። ይህቺ አንድ መስመር ስንቱን ተቃውሞ እንደቀበረች የሚያውቀው ቃለ ጉባኤ የያዘ ሰው ነው። ለምን በጥያቄ ትጠቀልለዋለች ቢባል፣ ቀጥ አድርጋ ብትናገረው ከስብሰባው በኋላ በኮሪደሩ «ምን ያንቀለቅላታል?» እንደምትባል ስለምታውቅ ነው። ወንዱ በዚያው ቃል ሲናገር «ቆራጥ ነው» ይባልለታል።

ሁለተኛው መቀበሪያ ደግሞ አለ። እሷ ያነሣችው ሐሳብ መልስ ሳያገኝ ያልፋል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አንዱ ወንድ በራሱ አባባል ያነሣዋል፤ ሰብሳቢው «አቶ እገሌ እንዳሉት» ብለው ወደ ውሳኔ ይሄዳሉ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ዛሬ በስብሰባ አዳራሽ ደፍሮ የሚተርተው የለም። ሥራው ግን በየወሩ ይሠራል።

አንድ ቀን የሆነውን ላውጋችሁ። ሰኔ 2016 ነው። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ የሚያስገባ አንድ ፋብሪካ የመጪውን ዓመት በጀት ሊያጸድቅ ቦርዱ ተቀምጧል። አባላቱ ሰባት፣ ሴቷ አንዲት፤ የሂሳብ ባለሙያ ነች። የቀረበው ሰነድ ዶላርን የያዘው በጊዜው የባንክ ተመን፣ በ57 ብር ገደማ ነበር። ሦስተኛውን ገጽ ገልጣ እርሳሷን ቁጥሩ ላይ አሳረፈችና «ይህ ተመን ዓመቱን ሙሉ ይቆያል ብለን ልናቅድ አንችልም። በሌላ ተመን የተሰላ አማራጭ ካልቀረበ ለማጽደቅ አልስማማም» አለች። ሰብሳቢው ፈገግ ብለው «ጨለምተኛ አትሁኚ እንጂ፤ ሲመጣ እናየዋለን» አሉ። ሳቅ ሆነ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ ልገልጥ ስል ወደ እኔ ዞረች።

«ልዩነቴ ይመዝገብልኝ። ምክንያቴም እንዳልኩት ይጻፍ።»

ድምፅዋ ከቅድሙ ከፍ አላለም። ሳቁ ግን ቆመ። ጽፌ ሳነብላት «አሳስባለች» ያልኩትን «ተቃውማለች» በሚል አስለወጠችኝ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ታወጀ፤ በሳምንታት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። በጀቱ እንደ አዲስ ተሠራ። ሴትየዋ ትንቢት አልተናገረችም፤ ጭምጭምታው በየቢሮው ነበር፣ የስድስቱም ልብ ያውቀው ነበር ብዬ እገምታለሁ። የውጭ ኦዲተሩ መጥቶ «ሥጋቱ አስቀድሞ ለቦርዱ ቀርቦ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ ግን መዝገቡ ውስጥ ያገኘው የአንድ ሰው ስም ነው።

ይህ በሕግም ክብደት አለው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ጥፋት የሌለበትን የቦርድ አባል ከኃላፊነት ነፃ ያወጣው የነበረው፣ ተቃውሞውን ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቦ ለኦዲተሮቹ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የመጣው አዲሱ ሕግም የቦርድ አባላትን ኃላፊነት አጠበቀው እንጂ አላላላውም። በልቡ ተቃውሞ በአፉ ዝም ያለ አባል፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከተስማሙት የሚለይበት ማስረጃ የለውም። በሰበር ሰሚ ችሎት ከአብዛኛው ያልተስማማ ዳኛ የሐሳብ ልዩነቱን ከነምክንያቱ ከውሳኔው ሥር ያሰፍራል፤ ይህን እንደ ጠብ የሚቆጥርበት የለም። በእኛ የስብሰባ ክፍል ግን ልዩነት ያስመዘገበች ሴት እንደተቀየመች ይታሰባል። «ምን አስከፋሽ?» ትባላለች።

ዋጋ አያስከፍልም አልልም። አንዲት የማውቃት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ያለ ጨረታ ሊፈጸም የነበረን ግዥ በጽሑፍ ተቃወመች። ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው አመቺነት ሲባል» የሚል የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት። ብዙ ሴት ኃላፊዎች የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፤ የሠራተኛና አሠሪ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪን አይሸፍንም። ያለ አግባብ የተባረረች የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ መጠየቅ የምትችልበት አዋጅ፣ ለእሷ አለቃ አይሠራም። የአለቃዋ ጉዳይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው የሚታየው። ወንበሩ ከፍ ሲል ጥበቃው ይሳሳል ማለት ነው። እንግዲህ «ዝም አትበዪ» ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው። እኔ ለጥቃቅኑ ሁሉ ልዩነት አስመዝግቡ አልልም። ፊርማችሁ፣ የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ሕይወት ያለበት ሲሆን ግን አትለፉት።

ቁጥርም ይረዳል። ጥቅምት 2011 ላይ ግማሾቹ ሚኒስትሮች ሴቶች ሆነው ሲሾሙ፣ በዚያው ወር ፕሬዚዳንት የሆኑት ሳህለወርቅ ዘውዴም በመጀመሪያ ንግግራቸው ስለ ሴቶች አብዝተው እንደተናገሩ ለሚያስብ ሁሉ ገና መጀመራቸው መሆኑን ነገሩት። በቦርድ ክፍልም ቁጥር ሲረዳ አይቻለሁ። አንዲት ብቻዋን ስትቀመጥ የምትለው ሁሉ «የሴቶች አስተያየት» ይሆናል፤ ሁለተኛ ሴት ስትጨመር «የፋይናንስ አስተያየት» መሆን ይጀምራል። ሁለተኛዋ «ይህን ቅድም ያነሡት ወይዘሮ እገሊት ናቸው» ካለች ደግሞ እኔ በስማቸው እጽፈዋለሁ፤ ሰብሳቢውም አይከራከሩም።

ለሰብሳቢዎች የምጠይቀው አንድ ነው። ስብሰባው ሳይበተን ውሳኔውንና ልዩነቱን ጮክ ብዬ እንዳነብ አምስት ደቂቃ ስጡኝ። ለእናንተ ለእህቶቼ ደግሞ፦ የእያንዳንዱ ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማጽደቅ ነው። አብዛኛው ሰው ሳያነበው እጁን ያወጣል። እናንተ ማታውኑ አንብቡት፤ ያላችሁት ከሌለበት ገጹን ጠቅሳችሁ አስተካክሉ፣ እስኪስተካከልም አትፈርሙ።