የእስፓንኛ መደበኛ ግሥ እርባታ

የእስፓንኛ መደበኛ ግሥ እርባታ የእስፓንኛ ግሥ ሥሩ ሳይነካ መጨረሻው ብቻ እየተለዋወጠ ባለቤትን፣ ጊዜንና አንቀጽን የሚያሳይበት ሥርዓት ነው። ግሡ «መደበኛ» የተባለው የአንዱን እርባታ ያወቀ ሰው በዚያው ቤት ያሉትን ሌሎች መደበኛ ግሦች ሁሉ ሳይጠይቅ ማርባት ስለሚችል ነው። በዚህ ጽሑፍ ዋናው ምሳሌ አብላር (መናገር) ነው። ልዩነት ባለበት ቦታ ኮሜር (መብላት) እና ቢቢር (መኖር) ይታከላሉ።

የእስፓንኛ ቃላቱ እዚህ የተጻፉት በሚነበቡበት ድምፅ ነው። አብላር በላቲን ፊደል ሲጻፍ በፊቱ የማይነበብ ሆሄ አለው፤ ቢቢር ደግሞ በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች «ቪ» ተብሎ በሚነበበው ሆሄ ይጻፋል፣ እስፓንኛ ግን «ብ» ብሎ ያነበዋል።

ሦስቱ ቤቶች

የግዕዝ ሰዋስው ግሦችን «የቀተለ ቤት»፣ «የቀደሰ ቤት» እያለ በስምንት አርእስት እንደሚከፍል፣ እስፓንኛም ግሦቹን በንዑስ አንቀጻቸው መጨረሻ በሦስት ቤት ይከፍላል። እነሱም በ-አር፣ በ-ኤር እና በ-ኢር የሚጨርሱት ናቸው። ወላጁ ላቲን አራት ቤት ነበረው፤ ሁለቱ በእስፓንኛ ተዋሕደዋል። ትልቁ ቤት የ-አር ቤት ነው፤ ዛሬ ወደ ቋንቋው የሚገቡ አዳዲስ ግሦችም የሚያድሩት እዚያው ነው። ለምሳሌ በኢንተርኔት መጻጻፍ «ቻቴአር» ይባላል።

መጨረሻው ሲነሣ የሚቀረው ሥር ነው፦ አብል-፣ ኮም-፣ ቢብ-። በአማርኛ ግሥ ውስጥ ጸንተው የሚቆዩት ተነባቢዎች ናቸው፤ አናባቢዎቹ በመካከላቸው ይለዋወጣሉ (ሰበረ፣ ይሰብራል፣ መስበር)፣ የባለቤት ምልክትም ከፊትም ከኋላም ይገባል። በመደበኛው የእስፓንኛ ግሥ ግን ሁሉም ነገር የሚሆነው በጅራቱ ላይ ነው።

ባለቤቱ

እርባታው ስድስት መደብ አለው። የ-አር ቤት የአሁን ጊዜ እንዲህ ይረባል፦

ዮ አብሎ (እኔ እናገራለሁ)
ቱ አብላስ (አንተ ትናገራለህ፣ አንቺ ትናገሪያለሽ)
ኤል፣ ኤያ አብላ (እሱ ይናገራል፣ እሷ ትናገራለች)
ኖሶትሮስ አብላሞስ (እኛ እንናገራለን)
ቦሶትሮስ አብላይስ (እናንተ ትናገራላችሁ)
ኤዮስ አብላን (እነሱ ይናገራሉ)

ከዝርዝሩ እንደሚታየው ግሡ ጾታን አይለይም፤ ጾታ የሚታየው በተውላጠ ስሙ ላይ ነው። መጨረሻው ባለቤቱን ስለሚናገር ደግሞ ተውላጠ ስሙን መተው የተለመደ ነው። አማርኛ ተናጋሪ «እናገራለሁ» ሲል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገው ሁሉ፣ ለብቻው የተነገረ «አብሎ» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁልጊዜ «ዮ» የሚል ሰው «እኔ ነኝ፣ ሌላ አይደለም» የሚል ይመስላል።

አክብሮት በእስፓንኛ ውስጥም አለ። ለእርስዎ «ኡስቴድ» ይባላል፤ ግሡ ግን የሁለተኛ መደብ ሳይሆን የሦስተኛ መደብ ነው፦ ኡስቴድ አብላ። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው። ቃሉ «ቡኤስትራ ሜርሴድ» (ቸርነትዎ እንደማለት) ከሚል የማዕረግ አጠራር ያጠረ ነው፤ «ቸርነትዎ ይናገራል» ሲባል ግሡ ከ«ቸርነት» ጋር ይስማማል። አማርኛም በሌላ መንገድ ተጉዞ ተመሳሳይ ቦታ ደርሷል፤ «እርስዎ ይናገራሉ» እና «እነሱ ይናገራሉ» ግሣቸው አንድ ነው።

ለብዙ ሰዎች «ቦሶትሮስ» የሚባለው በአብዛኛው በስፔን ብቻ ነው። በላቲን አሜሪካ ወዳጅም ባለሥልጣንም በብዙ ቁጥር «ኡስቴዴስ አብላን» ነው። በደርግ ዘመን ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ደሴት የተማሩ ኢትዮጵያውያን ዙሪያቸውን የሰሙት እስፓንኛ ይኸው ያለ «ቦሶትሮስ» የሚነገረው ነው። በአርጀንቲና፣ በኡሩጓይና በብዙ የመካከለኛው አሜሪካ አካባቢዎች ደግሞ በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ይባላል፤ በአርጀንቲና «ቦስ አብላስ» ሲባል ኃይሉ የሚያርፈው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ነው።

የ-ኤር ቤት በአሁን ጊዜ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜይስ፣ ኮሜን ይላል። የ-ኢር ቤትም እንደዚሁ ነው፤ የሚለየው በ«እኛ» (ቢቢሞስ) እና በ«እናንተ» (ቢቢስ) ብቻ ነው።

ሁለቱ ኃላፊ ጊዜያት

ተማሪ ከሁሉ በላይ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ከእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተሻለ መነሻ አለው። አንደኛው ኃላፊ ድርጊቱን ያለቀ አድርጎ ያያል፦ አብሌ፣ አብላስቴ፣ አብሎ፣ አብላሞስ፣ አብላስቴይስ፣ አብላሮን። ሁለተኛው ደግሞ ድርጊቱን በመካሄድ ላይ እንዳለ ወይም እንደ ልማድ ያያል፦ አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፣ አብላባሞስ፣ አብላባይስ፣ አብላባን። ልዩነቱ በ«ተናገርኩ» እና በ«እናገር ነበር» መካከል ካለው ጋር ይቀራረባል። በ-ኤር እና በ-ኢር ቤት የመጀመሪያው ኮሚ፣ ኮሚስቴ፣ ኮሚዮ፣ ኮሚሞስ፣ ኮሚስቴይስ፣ ኮሚዬሮን፣ ሁለተኛው ኮሚያ፣ ኮሚያስ እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ኃላፊ እጅግ የተስተካከለ በመሆኑ በቋንቋው ሁሉ ከደንቡ የሚወጡት ሦስት ግሦች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሴር (መሆን)፣ ኢር (መሄድ) እና ቤር (ማየት) ናቸው።

የጊዜው ርዝመት ግን መለያ አይሆንም። አንድ ሰው በሊማ አሥር ዓመት ከኖረና ያ ዘመን ከተዘጋ «ቢቢ ዲዬስ አኞስ ኤን ሊማ» ይላል፤ አሥር ዓመቱ እንደ አንድ ያለቀ ነገር ተቆጥሯል። «ቢቢያ ኤን ሊማ» (ሊማ እኖር ነበር) ያለ እንደሆነ ግን ሰሚው ቀጥሎ የሚመጣ ወሬ ይጠብቃል፦ እዚያ ሲኖር ምን ሆነ?

ሌላው ጉዳይ ኃይል የሚያርፍበት ክፍለ ቃል ነው። «አብሎ» ኃይሉ በፊተኛው ላይ ካረፈ «እናገራለሁ»፣ በመጨረሻው ላይ ካረፈ «ተናገረ» ማለት ነው። ባለቤቱም ጊዜውም በአንድ ትንፋሽ ተለወጠ። አማርኛ ይህን የመሰለ ነገር በመጥበቅና በመላላት ያደርጋል፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ነው። የግዕዝ ፊደል ጥብቀትን አያመለክትም፤ የእስፓንኛ አጻጻፍ ግን በመጨረሻው አናባቢ ላይ ጭረት ያኖራል። ስለዚህ ጭረቷን መርሳት እንደ ጌጥ መርሳት አይታይም፤ ተናጋሪውን ሰው ይለውጣል።

«አብላሞስ» ደግሞ የአሁንም የኃላፊም ነው፤ ቢቢሞስም እንዲሁ። የሚለየው እንደ «ዛሬ» እና «ትናንት» ባሉ ቃላት ነው። ኮሜር ግን ኮሜሞስ እና ኮሚሞስ ብሎ ይለያል።

የትንቢት ጊዜ

እዚህ ሥሩ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ንዑስ አንቀጽ ይያዛል፤ መጨረሻውም ለሦስቱም ቤት አንድ ነው፦ አብላሬ፣ አብላራስ፣ አብላራ፣ አብላሬሞስ፣ አብላሬይስ፣ አብላራን። እነዚህ መጨረሻዎች ከየት እንደመጡ ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል። ረዳት ግሥ የሆነው አቤር በአሁን ጊዜ ኤ፣ አስ፣ አ፣ ኤሞስ፣ አቤይስ፣ አን ይላል። የጥንት ተናጋሪዎች «ለመናገር አለኝ» እንደማለት «አብላር ኤ» ይሉ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አብላሬ ሆኑ። በጥንታዊ እስፓንኛ ተውላጠ ስም በመካከላቸው መግባት ይችል ነበር፤ ይህም መጋጠሚያው ገና እንዳልደረቀ ያሳያል። የአማርኛው «እናገራለሁ» በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ ነው፤ «እናገር» እና «አለሁ» ተጣብቀው ነው።

በዚያው ንዑስ አንቀጽ ላይ የአቤር ሁለተኛ ኃላፊ አጥሮ ሲገባ «አብላሪያ» (እናገር ነበር፣ ቢሆንልኝ) ይወጣል። የስፔን ቋንቋ አካዳሚ የቀድሞ ሰዋስው ይህን ራሱን የቻለ አንቀጽ አድርጎ ይቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ከዋናው አንቀጽ ጊዜያት አንዱ ተደርጎ ይመደባል።

በዕለት ንግግር ለወደፊት «ቦይ አ አብላር» (ልናገር ነው) ማለት ይበዛል። አብላራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ግምት ነው፤ «አብላራ ፍራንሴስ» ማለት «ፈረንሳይኛ ይናገር ይሆናል» ሊሆን ይችላል።

በረዳት ግሥ የሚረቡ ጊዜያት

አቤር ከ«አብላዶ» (ኮሚዶ፣ ቢቢዶ) ጋር ሲነገር የተፈጸመ ድርጊትን ያሳያል። «ኤ አብላዶ» ከ«ተናግሬአለሁ»፣ «አቢያ አብላዶ» ከ«ተናግሬ ነበር» ጋር ይመሳሰላል። በአብዛኛው ስፔን ዛሬ ጠዋት የሆነ ነገር በ«ኤ አብላዶ» ይነገራል፤ በአብዛኛው ላቲን አሜሪካ ግን «አብሌ» ይበቃል።

ዘንድ አንቀጽ

በላቲን ሰዋስው የተማሩ ሰዎች «ሱብሁንቲቦ» የሚሉትን የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው ተማሪ «ዘንድ አንቀጽ» ቢለው አይሳሳትም። ቅርጹ በአናባቢ መለዋወጥ ይገኛል፤ የ-አር ቤት «ኤ»ን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ «አ»ን ይይዛሉ። ስለዚህ አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌይስ፣ አብሌን፤ ኮማ፣ ኮማስ፤ ቢባ፣ ቢባስ እየተባለ ይረባል። በኢትዮጵያም በመፈክር የታወቀው «ቪቫ» ይኸው ቢባ ነው፤ ትርጉሙም ቅርጹም ከ«ይኑር» ጋር ይገጥማል።

አገልግሎቱ ተናጋሪው እንደ እውነት የማያስረግጠውን ነገር መናገር ነው፦ ፍላጎት፣ ጥርጣሬ፣ ገና ያልደረሰ ጊዜ። «ኪዬሮ ኬ አብሌስ» ማለት «እንድትናገር እፈልጋለሁ» ነው። አማርኛ የማይለየውን የሚለይበትም ጊዜ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት «እንግሊዝኛ የሚናገር ጸሐፊ እፈልጋለሁ» ቢል፣ ማንኛውም ሰው ይሁን ከተባለ «ኬ አብሌ» ይላል፤ የሚታወቅ አንድ ጸሐፊ ጠፍቶ እየተፈለገ ከሆነ ግን «ኬ አብላ» ነው። እንዲሁም «ስትናገር» ለልማድ «ኩዋንዶ አብላስ»፣ ለወደፊት «ኩዋንዶ አብሌስ» ይሆናል።

የኃላፊው ዘንድ አንቀጽ ከ«አብላሮን» ላይ -ሮን ተነሥቶ -ራ ወይም -ሴ ሲገባ ይገኛል፦ አብላራ ወይም አብላሴ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ በንግግር የመጀመሪያው ይበዛል። «ሲ አብላራ ኤስፓኞል» (እስፓንኛ ብናገር ኖሮ) ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ያ -ሪያ የሚጨርሰው ጊዜ ነው። አብላራ ኃይሉ በመካከል ካረፈ ይህ ነው፤ በመጨረሻ ካረፈ ግን ከላይ የታየው የትንቢት ጊዜ ይሆናል። የወደፊት ዘንድ አንቀጽ (አብላሬ፣ ኃይሉ በመካከል) ዛሬ የሚገኘው በሕግ ጽሑፎችና በጥቂት ተረቶች ውስጥ ነው።

ትእዛዝ

ለአንተና ለአንቺ «አብላ»፣ ለእናንተ በስፔን «አብላድ» ይባላል። ለኡስቴድና ለኡስቴዴስ ከዘንድ አንቀጽ ተበድሮ «አብሌ»፣ «አብሌን» ነው። ሲከለከል ሁሉም ወደ ዘንድ አንቀጽ ይሄዳል፦ «ኖ አብሌስ» (አትናገር)። አማርኛም «ጻፍ» ብሎ ያዝዝና ሲከለክል «አትጻፍ» በሚል በዘንድ አንቀጽ ቅርጽ ይጠቀማል።

መደበኛ ሆነው መደበኛ የማይመስሉ

ቡስካር (መፈለግ) በኃላፊ ቡስኬ፣ ዬጋር (መድረስ) ዬጌ ይላል። በድምፅ ፍጹም መደበኛ ናቸው፤ በላቲን ፊደል ግን ከ«ኤ» በፊት የ«ክ» እና የ«ግ» ሆሄ ንባቡ ስለሚለወጥ አጻጻፉ ይቀየራል፣ ተማሪውም ከደንብ የወጣ ግሥ ያገኘ ይመስለዋል። በግዕዝ ፊደል «ካ» ወደ «ኬ»፣ «ጋ» ወደ «ጌ» ብቻ ስለሚሄድ ችግሩ አይታይም።

የጊዜያቱ ስም ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። አንድሬስ ቤዮ በ1847 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ተናጋሪዎች ባሳተመው ሰዋስው ጊዜያቱን እርስ በርሳቸው ባላቸው ቅደም ተከተል ሰይሟቸዋል፤ አብላባን «ኮፕሬቴሪቶ»፣ ማለትም «ከኃላፊው ጋር አብሮ ያለ»፣ አብላሪያን «ፖስፕሬቴሪቶ»፣ ማለትም «ከኃላፊው በኋላ ያለ» ብሎታል። በሜክሲኮ የታተመ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ እነዚህን ስሞች ሲያገኝ፣ በስፔን የታተመውን የያዘው ጓደኛው ደግሞ አብላባን «ኢምፔርፌክቶ»፣ አብላሪያን «ኮንዲሲዮናል» ይለዋል።