የጓሮ አትክልትን ያለ መርዝ ስለ መጠበቅ

በደባርቅና በዳባት ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንች የሚያበቅሉ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው ጓሮ ለገበታ ትኩስ ቅጠል፣ ለሕፃናትም ጤና የሚሰጥ ስለ ሆነ እጅግ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የበጋው ፀሐይ ሲበረታ ክሽክሽ የተባለው ጥቃቅን ተባይ በጎመኑ ቅጠል ሥር ይሰፍራል፤ ጭማቂውንም እየመጠጠ ቅጠሉን ያጨማድደዋል። በዚህን ጊዜ ስሙንም መጠኑንም የማያውቀውን መርዝ ከገበያ ገዝቶ የሚረጭ ሰው አይታጣም። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የፈለግነው ከዚህ የተሻለ መንገድ መኖሩን ነው።

የመርዝ ታሪክ ራሱ ያስተምራል። ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው የደረሰበት የስዊስ ተወላጅ ፓውል ሙለር እ.ኤ.አ. በ1948 የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ፤ መድኃኒቱም ወባን ለመዋጋት ብዙ ጠቅሟል። ሆኖም አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያለው መርዝ በአፈርና በውኃ ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ፣ ወፎችንና ዓሦችንም እንደሚጎዳ አስረዳች። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት ዲዲቲ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ እንዲውል ወሰነ፤ ኢትዮጵያም በ2003 አጸደቀችው። እንግዲህ ዲዲቲን በጎመን ላይ መርጨት ፈጽሞ የተገባ አይደለም።

ሌላውም መርዝ ቢሆን ለጓሮ አይስማማም። የጓሮ መደብ ከማድ ቤት የሚርቀው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ዶሮዎች ይጭሩበታል፣ ቅጠሉም በዚያው ቀን ተቀንጥሶ ለወጥ ይቀርባል። መርዝ የነበረበት ጠርሙስ ታጥቦ የዘይት መያዣ ሲሆን ደግሞ አደጋው የከፋ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ወዳጅን ከጠላት መለየት ይገባል። በቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽን ትበላለች፤ ሸረሪትም ልዩ ልዩ ነፍሳትን ያጠምዳል። መርዝ ግን እነዚህን ጠባቂዎች ንቦችንም ጭምር ይፈጃል፤ ክሽክሽ ፈጥኖ የሚራባ ስለ ሆነ ጠባቂ ባጣው መደብ ላይ በርትቶ ይመለሳል።

ክሽክሽ ጥቂት ሲሆን የተበከለውን ቅጠል መቀንጠስ ወይም በውኃ አጥቦ ማርገፍ ይበቃል። ሲበዛ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በአንድ ሊትር ውኃ ማሳደር፣ በማግሥቱ አጥልሎ ጥቂት የገላ ሳሙና መጨመር፣ ከዚያም በማለዳ ወይም በማታ በቅጠሉ ሥር መርጨት ነው። በቀትር መርጨት ቅጠሉን ያቃጥላል። ግንዱን ከሥር ለሚቈርጠው ትል በችግኙ ዙሪያ አመድ መነስነስ ይረዳል፤ ዝናብ ካጠበው ግን መድገም ያስፈልጋል። በየዓመቱ ጎመንን በአንድ መደብ ላይ አለመትከልም ተባዩን ያዳክማል።

የዕፅዋት ኃይል በአገራችን የታወቀ ነው። ከሊማሊሞ ቁልቁለት ማዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በዐድዋ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚህም ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች የማጥፋት ጥናት ተወለደ። ሆኖም ከዕፅ የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ የትምባሆ ቅጠል ውኃም ለሰው ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ በጓሮ ሊረጭ አይገባም። በነጭ ሽንኩርት የተረጨውንም ቅጠል ሳያጥቡ መብላት አይገባም።

መምህራን ሆይ! ይህን በቃል ከማስተማር ይልቅ በትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ሁለት መደብ ጎመን አስተክሉ። አንዱን የነጭ ሽንኩርት ውኃ አስረጩት፤ ሁለተኛውን እንዲሁ ተዉት። ተማሪዎች በየሳምንቱ በዐሥር ዐሥር ቅጠል ላይ ያለውን ክሽክሽና ጥንዚዛ ቈጥረው ይጻፉ። በዓይኑ አይቶ በእጁ የቈጠረ ልጅ ያወቀውን ወደ ቤቱ ይዞ ይገባል፤ የወላጆቹም ጓሮ ከመርዝ ይድናል።