ቀልብን ስለ መሰብሰብ፤ የቡድሃ ትምህርት ለቃሊቲ መንገደኛ

«ቡድሃ» የሚለው ስም በአገራችን ሰው ጆሮ መልካም ድምፅ የለውም፤ ቡዳን ያስታውሳልና። ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም። «ቡድሃ» ማለት በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ «የነቃ» ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ለኖረው ለሲዳርታ ጎታማ ነው። ይህ ሰው ስለ ጭንቀት ያስተማረው ነገር ለዛሬ ተማሪ፣ በተለይም ማለዳ ከቃሊቲ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ለሚታገለው ወንድማችንና እኅታችን የሚረባ ነገር አለውን? አለው ባይ ነኝ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። የቡድሃ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ትናንት በስልክ ላይ በታየ ቪዲዮ አይደለም። በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ ዕንባቆም «በረላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሶታል። ዕንባቆም ራሱ ከየመን ወገን የመጣ፣ ቀድሞ ሙስሊም የነበረ፣ በኋላም መንኵሶ እስከ እጨጌነት የደረሰ ሊቅ ነው፤ «አንቀጸ አሚን»ን የጻፈውም እርሱ ነው። የመጽሐፉ ታሪክ ስለ አንድ የሕንድ ልዑል ይናገራል። አባቱ ንጉሡ ልጁ ሕመምንና እርጅናን ሞትንም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልዑሉ ግን ወጥቶ ያያል፤ ልቡም ይታወካል። በዚያን ጊዜ በረላም የሚባል ባሕታዊ የዕንቍ ነጋዴ መስሎ ይመጣና ክርስትናን ያስተምረዋል፤ ልዑሉም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሊቃውንት ይህ ታሪክ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን አረጋገጡ። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ፣ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች ሲዞር ቀስ በቀስ የክርስቲያን ቅዱስ ታሪክ ሆኗል። የልዑሉ ስም እንኳ «ቦዲሳትቫ» ከሚለው የሕንድ ቃል የመጣ ነው። በዓረብኛ «ቡዳሳፍ» ተብሎ ሲጻፍ ከነጥብ መለዋወጥ የተነሣ «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ፤ ከዚያ እየተለወጠ ሄዶ በእኛ ዘንድ «ይዋሴፍ» ሆነ። አንዲት ነጥብ ይህን ያህል መንገድ ስታስት ማየት ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች ደስ የሚል ነገር ነው።

በረላም ለልዑሉ ከነገረው ምሳሌ አንዱ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ከሚያሳድደው አውሬ ሲሸሽ ገደል ይገባና በመካከል የበቀለች ዛፍ ይይዛል። የዛፊቱን ሥር ነጭ አይጥና ጥቁር አይጥ ይቈረጥሟታል፤ ከበታችም ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሰውዬው ግን ከቅርንጫፏ የሚንጠባጠበውን ማር አይቶ፣ ሁሉን ረስቶ ይልሳል። ነጩ አይጥ ቀን፣ ጥቁሩ ሌሊት ነው። ማሩን የዘመናችን ተማሪ በኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ይልሰዋል።

እንግዲህ ታሪኩ ደርሶናል፤ ሥራው ግን አልደረሰንም። የመጽሐፉ መፍትሔ ዓለምን ጥሎ መሄድ ነውና። የቃሊቲ ተማሪ የሚተወው ዙፋን የለውም፤ ያለው የቤት ኪራይ፣ የሃይገር ሰልፍና የሴሚስተር ፈተና ነው። ቡድሃ ግን ከመነኮሳቱ ሌላ ቤትና ትዳር፣ ንግድም ያላቸው ተከታዮች ነበሩት፤ ለእነርሱም አስተምሯል።

ከትምህርቱ ሁሉ ለእኛ ቅርብ የሚመስለኝ የሁለቱ ቀስት ነገር ነው። ሰው በአንድ ቀስት ሲወጋ ይታመማል። ያልተማረ ልብ ግን በዚያው ላይ ሁለተኛ ቀስት ራሱ ይተክላል ይላል። ይህን በቃሊቲ መንገድ ላይ እንመልከተው። ከጂቡቲ መሥመር የመጡ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ዘግተዋል፤ ፈተናው ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ አንድ ተኩል አልፏል። መዘግየቱ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ እውነተኛ ነው፤ በማሰብ አይነቀልም። ተማሪው ግን በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ፈተናው አመለጠኝ፤ ኮርሱን ወደቅሁ፤ እናቴ ምን ትላለች፤ ይህ ሹፌርስ ምን ዓይነት ሰው ነው» እያለ ሳሪስ ሳይደርስ ከዩኒቨርሲቲ ተባርሮ አገር ቤት ገብቷል። ይህ ሁሉ ሁለተኛው ቀስት ነው። የቡድሃ ልምምድ የሚነካው ይህንን ብቻ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ቢገጥማችሁ ኪሳችሁን ጠብቁ።

ልምምዱ ምንድር ነው? ለዋናው ነገር አማርኛችን ከብዙ ቋንቋ ይልቅ የተመቸ ነው። ቡድሂስቶች «ሳቲ» የሚሉትን እኛ «ልብ ማለት» እንለዋለን፤ አእምሮ ሲበተን «ቀልቤ ባከነ»፣ ሲመለስም «ቀልቤን ሰበሰብሁ» እንላለን። ሰብሳቢው ገመድ ትንፋሽ ነው። ሰው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ይቀመጣል፤ ትንፋሹን ሳያስረዝምና ሳያሳጥር፣ ሲገባና ሲወጣ በአፍንጫው ወይም በሆዱ ላይ ልብ ይለዋል። ሐሳብ ይመጣል፤ አለመምጣቱ አይቻልም። በመጣ ጊዜ አይጣላውም፣ አይከተለውምም፤ «ሐሳብ መጣ» ብሎ ወደ ትንፋሹ ይመለሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ አእምሮው ባዶ ስላልሆነለት ያልተሳካለት ይመስለዋል። ሥራው ግን ባዶ መሆን ሳይሆን መመለሱ ነው፤ መቶ ጊዜ የባከነ መቶ ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። በእግር ሲሄዱም እርምጃን ልብ ማለት ይቻላል። «ሜታ» የሚባለው ደግሞ በጎ ምኞት ነው፤ ለራስ ይጀመራል፣ ከዚያ ለወዳጅ፣ ለማያውቁት ሰው፣ በመጨረሻም ለጠላት። ለእኛ የመጨረሻውን ቦታ መልስ ያስቀረ ወያላ ቢይዘው ይበቃል።

ጥቅሙ ተመርምሯል። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን የስምንት ሳምንት ልምምድ አዘጋጀ፤ ከዚያ ወዲህ ጥናቱ በዝቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ብዙ ጥናቶችን የመዘነ ግምገማ ለጭንቀትና ለድብርት መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አገኘ፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚል ማስረጃ ግን አላገኘም። እንቅልፍና ምግብ ያጣ፣ ሕይወቱን የጠላ ጓደኛ ካለ ወደ ሐኪም ይወሰድ እንጂ ትንፋሽህን ቍጠር አይባል።

«ሃይማኖቴስ?» የሚል አይጠፋም። ትንፋሽን ልብ ለማለት ቡድሃን ማምለክ አያስፈልግም፤ ዝምታና ልብን መጠበቅም ለእኛ እንግዳ አይደሉም። መጽሐፈ ማር ይስሐቅን የተማረ ይህን ያውቃል፤ የሙስሊም ወንድሞቻችንም ዚክር አላቸው።

የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፤ ይህ ሰላም ሰውን ግፍ ለማስለመድ አይሆንምን? ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ወኅኒ ቤቱን ነውና ከዚያው ወገን ምሳሌ ላምጣ። ሚያዝያ 1994 እ.ኤ.አ. በዴልሂ የቲሃር ወኅኒ ቤት፣ ኃላፊዋ ኪራን ቤዲ በፈቀደችው መሠረት፣ ጎኤንካ የተባለው አስተማሪ ከአንድ ሺሕ በላይ እስረኞችን ዐሥር ቀን በዝምታ አስቀምጦ ይህንኑ ልምምድ አስተማረ። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ከቲሃር እስረኞች የሚበዙት ፍርዳቸውን የሚጠብቁ ነበሩ፤ ትንፋሽ ልብ ማለት ደግሞ የዳኛን ቀጠሮ አያሳጥርም። የዘገየ ፍርድ የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ እርሱን የሚነቅለው ሕግ ነው።

ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ሰው ቢጠየቅ የቬትናሙን መነኵሴ ቲች ናት ሃንን እጠራለሁ። በጦርነቱ ጊዜ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቶች የተቃጠሉ መንደሮችን መልሰው እንዲሠሩ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ለሰላም ስለ ተናገረም እስከ 2005 እ.ኤ.አ. አገሩ እንዳይገባ ተከለከለ። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1967 እ.ኤ.አ. ለኖቤል የሰላም ሽልማት አጭቶታል። ስለ ልብ ማለት የጻፈው የታወቀ መጽሐፉ መጀመሪያ ለዚያው ትምህርት ቤት ባልደረባ የተላከ ረዥም ደብዳቤ ነበር፤ የተጻፈውም በሥራ ለደከሙ ሰዎች እንጂ ሥራ ለፈቱ አይደለም።

መሞከር የሚፈልግ ትንፋሹን ሲወጣ እየቈጠረ ከአንድ እስከ ዐሥር ይሂድ፤ ሲጠፋበትም ሳይናደድ እንደገና ከአንድ ይጀምር። ከሦስት ሳያልፉ የሚጠፋባቸው ብዙዎች ናቸው። ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ግን ደጋግሞ ለመጀመር ጊዜ ሞልቷል፤ በተለይ ሰኞ ጠዋት።