የደከመ ልብና ቤታ ብሎከር

ተረት፦ አድሬናሊን መሰል መድኃኒት ሁሉ ልብን ያስሮጣል።

እውነታው፦ የሚወስነው መድኃኒቱ በሴሉ ላይ የሚይዘው ተቀባይ ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቀባዮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ከፈላቸው፤ በኋላ እነዚህም ተከፋፈሉ። በልብ ጡንቻ ላይ የሚበዛው ቤታ 1 ነው። እሱ ሲነቃ ወደ ሴሉ የሚገባው ካልሲየም ይጨምራል፤ ልብም ፈጥኖና በርትቶ ይመታል። አልፋ 1 ግን ዋና ሥራው የደም ሥርን ማጥበብ ነው። ስለዚህ በዋናነት አልፋ 1ን የሚነካው ፌኒሌፍሪን በደም ሥር ሲሰጥ ግፊት ይወጣል፤ አንጎል ይህን ሲያውቅ በቬገስ ነርቭ በኩል ልብን ያዘገየዋል። ከአድሬናሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ልብን አዘገየ ማለት ነው።

ተረት፦ ለአስም የሚሳበው ሳልቡታሞል ልብ ጋ አይደርስም።

እውነታው፦ የሚፈለገው የአየር ቧንቧው ቤታ 2 ነው። ቤታ 2 ግን በመጠኑ ልብ ላይም አለ፤ ከተሳበው መድኃኒት ጥቂቱም ወደ ደም ይገባል። ልብ ድው ድው የሚለው፣ እጅ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ተረት፦ ቤታ ተቀባይን የሚዘጋው መድኃኒት፣ ቤታ ብሎከር፣ የደከመን ልብ ጨርሶ ያደክመዋል።

እውነታው፦ በዚህ ተረት ተራውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ለረጅም ጊዜ ሐኪሞችም ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ሲሰሙት ያሳምናል፤ የደከመን ልብ የሚያበረታውን ተቀባይ እንዴት ይዘጉበታል? በስዊድን ጎተንበርግ እነ ፊን ቫግስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ተቃራኒውን ይዘው ብቅ ሲሉ የሰማቸው ጥቂት ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ልብ ሲደክም ሰውነት የአድሬናሊን ዘመድ የሆነውን ኖርአድሬናሊን ያለማቋረጥ ይለቅበታል። የደከመን በሬ በጅራፍ እየገረፉ ማረስ ነው፤ ለጊዜው ይራመዳል፣ ውሎ አድሮ ይወድቃል። ቤታ 1 ያለ ፋታ ሲነካ የልብ ሴሎች ይጎዳሉ፣ ተቀባዮቹም ይመናመናሉ። ቤታ ብሎከር ጅራፉን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሲቢስ 2 የተባለ ጥናት 2,647 ሕሙማንን ይዞ፣ ቢሶፕሮሎል የተባለው ቤታ ብሎከር ሞትን በ34 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ።

ተረቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። መጠኑ በአንዴ ከበዛ፣ ወይም በሽታው ተባብሶ በሽተኛው መተንፈስ ባቃተው ሰዓት ከተጀመረ በእርግጥም ይጎዳል። በትንሹ ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ የሚጨመረው ለዚህ ነው። ደግሞም ሁሉም ቤታ ብሎከር ለዚህ አይሆንም፤ ለደም ግፊት የሚታዘዘው አቴኖሎል ለልብ ድካም ከተመሰከረላቸው ከነቢሶፕሮሎልና ካርቬዲሎል ተርታ አይሰለፍም።

ተረት፦ ከተሻለኝ ቤታ ብሎከሩን ባቆመው ምን አለበት?

እውነታው፦ ተቀባዮቹ ተዘግተው ሲቆዩ ሰውነት ቁጥራቸውን ያበዛል። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊን የበዙትን ተቀባዮች ክፍት ሆነው ያገኛቸዋል፤ የደረት ሕመም፣ አንዳንዴም ድንገተኛ የልብ ጥቃት ይከተላል። ክኒንዎ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ያስሞሉ፤ ማቆም ካሰቡም መጀመሪያ ሐኪምዎን ያነጋግሩ።