የአርታ ነፋስና የወደቡ ሰዓት

ጅቡቲ ከተማ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል የኮራል ምድር ላይ የተመሠረተች በመሆንዋ፣ እኛ ክረምት በምንለው ወራት ሐሩሩ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ኀምሲን የተባለው የበረሃ ነፋስ አሸዋውን እየነዳ ደጃፉን ሁሉ ሲደበድብ፣ ሌሊቱም በባሕሩ ወበቅ ታፍኖ ዕንቅልፍ ሲነሣ፣ በዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ በልቡ ሌላ ማኅደር ያስባል። ይህ አሳብ የጥቂት ሰዎች ምኞት ሆኖ የቀረ አይደለም፤ ከተማይቱ ከተቈረቈረች ጀምሮ ሹሙን፣ ነጋዴውን፣ የባቡር ሠራተኛውን፣ ዛሬም መምህሩንና የቢሮ ጸሐፊውን «እንጀራዬ ካለበት ልኑር፣ ወይስ ነፍሴ ከወደደችው ስፍራ እየተመላለስሁ ልሥራ?» እያሰኘ የኖረ፣ እስከ ዛሬም እልባት ያላገኘ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ የጸናበት ምክንያት ከከተማይቱ ልደት ይጀምራል። ፈረንሳውያን መቀመጫቸውን ከኦቦክ አንሥተው ወደ ጅቡቲ ያዛወሩት ለመርከብ የሚመች ወደብ ስላገኙ ነበር እንጂ ለሰው የሚመች አየር አግኝተው አልነበረም፤ ከዳግማዊ ምኒልክ በተገኘው ፈቃድ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡርም በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የ784 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ መነሻና መድረሻ ይኸው ወደብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ፣ አስቀድሞ በአሰብ ይገባ የነበረው የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው ወደዚሁ ስለ ዞረ፣ ሥራው ከቀድሞው እጥፍ ድርብ በዝቶ በዶራሌ አዳዲስ ወደቦች ተሠሩ። እንግዲህ መብል የሚገኘው በባሕሩ ዳር ነው፤ ዕረፍት የሚገኘው ግን ከባሕሩ ርቆ በከፍታው ላይ ነው፤ በሁለቱም መካከል መንገድ አለ።

ይህን መንገድ አስቀድመው በሚገባ ያወቁት የባቡሩ ሰዎች ናቸው። የኩባንያው ታላቁ የጥገና ሥፍራ በድሬዳዋ ስለ ነበረ፣ ነጂውና ጠጋኙ፣ ተቈጣጣሪውና የትኬት ሹሙ ቤታቸውን በዚያው በከዚራ ሰፈር በዛፎች ጥላ ሥር ሠርተው፣ ልጆቻቸውን በዚያ እያሳደጉ፣ ራሳቸው ግን በተራቸው ወደ በረሃው እየወረዱ፣ በጅቡቲ አድረው፣ ደግሞም እየተመለሱ ዕድሜአቸውን ፈጽመዋል። የጅቡቲ ቤተሰቦችም በሐሩሩ ወራት ሴቶችንና ሕፃናትን ይዘው ወደ ድሬዳዋ መውጣትን ልማድ አደረጉት፤ ድሬዳዋ ራስዋ የምትሞቅ ከተማ ብትሆንም፣ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች ከባሕሩ ዳር ለመጣ ሰው የገነት ያህል ነበረች። አሮጌው ባቡር እየደከመ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ በኢትዮጵያ ምድር ሲቆም፣ ከሐዲዱ ጋር ይህ የኑሮ ሥርዓት አብሮ ፈረሰ፤ እስከ ዛሬም በሚገባ የጻፈለት አላየሁም።

ለዕለት መመላለሻ ድሬዳዋ እጅግ ሩቅ ናት። ዛሬ በጅቡቲ እየሠራ በነፋሻ ስፍራ ማደር የሚሻ ሰው የሚመለከተው ወደ አርታ ነው። አርታ ከከተማይቱ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከ700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ቁልቁል የምታይ ትንሽ ከተማ ናት፤ በፈረንሳውያን ዘመን ሹማምንቱ ከሐሩሩ የሚሸሹባት ነበረች። በዚያ የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው አረጋዊ አሉ። አባታቸው በከዚራ የኖሩ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እርሳቸው ደግሞ በወደቡ አጠገብ በአንድ የትራንዚት ቤት ሒሳብ ያዥ ሆነው ሲሠሩ፣ ጅቡቲያዊት ባለቤታቸውን ይዘው በአርታ ቤት ሠርተዋል። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ሁለተኛ ሸሚዛቸውን አጥፈው፣ ውኃቸውን በፕላስቲክ ሞልተው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በአንዲት ሚኒባስ ከታች በአውራ ጎዳናው ላይ ወዳለችው ዌአ ይወርዳሉ፤ ከዌአ ጀምሮ እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ ከድንበሩ ከጋላፊ መስመር የሚመጡት የኢትዮጵያ ተሳቢዎችና ቦቴዎች ባዶአቸውን ለጭነት ስለሚወርዱ መንገዱን ይዘው ያገኟቸዋል። ማታ ሲመለሱ ነገሩ ይብሳል፤ እነዚያው መኪናዎች ማዳበሪያውን፣ ነዳጁንና ኮንቴይነሩን ተሸክመው ዳገቱን በዝግታ ስለሚወጡ፣ ሚኒባስዋ ከኋላቸው ጢሳቸውን እየጠጣች ትከተላለች።

«ጋሼ፣ ከተማ ገብተው ቢኖሩ አይሻልዎትም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ ሌሊት እተኛለሁ፤ ከተማ ያሉት ባልደረቦቼ ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ጣራ ላይ ወጥተው ነው የሚያነጉት» አሉኝ። ቀጥለውም መንገዱ እምብዛም እንደማይከብዳቸው፣ የሚከብዳቸው ቀትሩ እንደ ሆነ ነገሩኝ፤ እኔም ነገሩን በሚገባ ያስተዋልሁት ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

ምክንያቱም በጅቡቲ ቀኑ እንደ ሌላው ሀገር አንድ ወጥ አይደለም። ከነግህ እስከ ቀትር ሥራ አለ፤ ቀትር ላይ ግን ሱቁም ባንኩም ይዘጋል፣ ከኢትዮጵያ በየዕለቱ የሚገባው ጫት በየመንደሩ ይከፋፈላል፣ ሰውም ምሳውን በልቶ በጥላ ሥር ይጋደማል፤ በአሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙው የንግድ ቤት ዳግመኛ ይከፈትና ሠርኩ ከጨለመ በኋላም ይሠራል። ይህ ሥርዓት ሐሩሩን ለማሸነፍ አባቶች ያወጡት ጥበብ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ቤቱ ለሥራው ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ከአርታ የሚመጣው ሰው በቀትር ወደ ቤቱ ወጥቶ መመለስ አይቻለውም፤ ስለዚህ ሌላው በሚያርፍበት ሰዓት እርሱ ማረፊያ ፈላጊ ይሆናል። አረጋዊው ወዳጄ ምንጣፋቸውን በቢሮው የፋይል ክፍል፣ በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ዘርግተው፣ እርጥብ ፎጣ ግንባራቸው ላይ አድርገው አሥር ሰዓትን ይጠብቃሉ። እንግዲህ ለወደዱት ቤት የሚከፍሉትን ዋጋ በኪሎ ሜትር ወይም በነዳጅ የሚቈጥር ሰው ተሳስቷል፤ ዋጋው የቀኑ እምብርት ነው።

ይህን የመመላለስ ዋጋ የመረመሩ ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ ሁለት የስዊስ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በጀርመን ሀገር ለብዙ ዓመታት ከተሰበሰበ መረጃ ተነሥተው፣ ረጅም መንገድ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው በኑሮው ያለው እርካታ እንደሚያንስ፣ ያገኘው ደመወዝም ሆነ የተሻለው ቤት ጒዳቱን ፈጽሞ እንደማይክሰው አሳይተዋል። የሊቃውንቱን ምርምር አከብራለሁ። ነገር ግን ሌሊቱ ራሱ ዕንቅልፍን በሚቀማበት ሀገር፣ ቅርብ ሆኖ መኖርም የራሱ ጒዳት ስላለው፣ የጀርመኑን ሚዛን እንዳለ አንሥቶ በጅቡቲ ላይ መስቀል ተገቢ መስሎ አይታየኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የባልባላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄኔራል ደጎል ጅቡቲን በጐበኙ ጊዜ የነጻነት ጥያቄ ከተነሣ በኋላ፣ ቅኝ ገዥው መንግሥት ከገጠር የሚመጣው ሕዝብ ወደ ከተማ እንዳይገባ ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጠረው፤ ማለፍ የተከለከለውም ሰው ከአጥሩ ማዶ፣ ከአምቡሊ ወንዝ ባሻገር፣ ጣውላና ቆርቆሮ እየገጣጠመ ሰፈረ። በ1977 ነጻነት መጥቶ፣ አጥሩም ታሪክ ሆኖ፣ የኦጋዴን ጦርነት ስደተኞች ሲጨመሩበት፣ ባልባላ የተባለው ያ የአጥር ማዶ ሰፈር ከመሐል ከተማው የማያንስ ታላቅ ከተማ ሆነ። የባልባላ እናት በየማለዳው ወደ ገበያ ወይም ወደ ሰው ቤት ሥራ የምትሄደው ርቀትን ከፍቅር ጋር መዝና አይደለም፤ ርቀቱን ሌላ ሰው መዝኖ አሸክሟታል። በ2004ና በ2019 እንደ ሆነው አምቡሊ በደራሽ ጎርፍ ሲሞላ፣ የመንገድዋ ችግር የበለጠ ይገለጣል። ስለዚህ ስለ አርታ ነፋስ የሚናገር ሰው ሁሉ ስለ ባልባላ አውቶቡስ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል እላለሁ።

ይሁን እንጂ «የባልባላ ሰው ቢያገኝ ዛሬውኑ ወደ መሐል ከተማ ይገባ ነበር» የሚሉትን አልቀበላቸውም። ቆርቆሮውን በድንጋይ ለውጦ፣ ዘመዱን በጎኑ አስፍሮ፣ መስጊዱን ሠርቶ፣ ሙታኑን ቀብሮ ሁለትና ሦስት ትውልድ የኖረ ሕዝብ ቦታውን ይወዳል፤ በግድ የተሰጠ ቦታም በጊዜ ብዛት የተወደደ ይሆናል። ይህ ሕዝብ የሚሻው ካለበት ሳይነቀል በመንገድ የሚያጣው ጊዜ እንዲመለስለት ነው።

መፍትሔውም ከዓይናችን ፊት ተዘርግቶ ይታያል። በቻይና ብድር የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ መደበኛ አገልግሎቱን ሲጀምር፣ በጅቡቲ ምድር በዓሊ ሳቢህ፣ በሆልሆልና በናጋድ ጣቢያዎች ተሠርተውለታል። ዓሊ ሳቢህ እንደ አርታ ከፍታ ላይ ያለች፣ ከባሕሩ ዳር ከመቶ ኪሎ ሜትር የማትርቅ ከተማ ስትሆን፣ መንገደኛ ባቡሩ ደግሞ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ የታቀደ ነው። ነገር ግን ሐዲዱ የታሰበው በመጀመሪያ ለዕቃ፣ ከዚያም ለሩቅ መንገደኛ ስለ ሆነ፣ በማለዳ ሠራተኛውን ይዞ የሚወርድና በሠርክ የሚመልስ ባቡር የለውም፤ ናጋድም ከከተማው ወጣ ብላ ስለ ተሠራች፣ ከባቡሩ የወረደ ሰው ወደ ገበያው ለመግባት ሌላ መኪና መፈለግ ግድ ይሆንበታል።

የዕቃው ባቡር ገቢ ያመጣል፣ የዕለት መንገደኛው ግን አያመጣም የሚል ክርክር እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሁለት ሉዓላውያን መንግሥታት በጋራ የያዙት ድርጅት ዕዳውን መክፈል ስላለበትም ክርክሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም አንድ የማለዳና አንድ የማታ ባቡር፣ ከናጋድም ወደ መሐል ከተማና ወደ ባልባላ በሰዓቱ የሚነሡ አውቶቡሶች ቢመደቡ፣ አንድ ዓመት ሞክሮ ማየት የሚያከስረው ገንዘብ ሺህ ሰዎች በየዕለቱ ከሚያጡት ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የሥራ ሰዓት ጉዳይም አብሮ ሊታይ ይገባል፤ ከሩቅ የሚመጣው ሠራተኛ ከነግህ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ የቀን ሥራውን ፈጽሞ እንዲሄድ ቢፈቀድለት፣ የፋይል ክፍሉ ምንጣፍ አያስፈልግም ነበር።

አረጋዊው ወዳጄ ጡረታ ሊወጡ ተቃርበዋል። ታናሽ ልጃቸው ግን ዘንድሮ በወደቡ ሥራ ይዛ፣ አግብታም እንደ አባትዋ በአርታ መኖር እንደምትሻ ነግራቸዋለች። እርሳቸውም አልከለከሏትም፤ ነገር ግን ከመፍቀዳቸው በፊት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አሠሪዎችዋ በቀትር የት እንደምታርፍ አስበው እንደ ሆነ።