ያልነበረ ሳንቲም ስንት ያወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ኮንግረስ 45 ሚሊዮን ባለ አንድ ዶላር የብር ሳንቲሞች እንዲቀረጹ ፈቀደ። በዚሁ ፈቃድ መሠረት በኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው የዴንቨር መንግሥታዊ የገንዘብ መቅረጫ በሜይ ወር 1965 ሥራውን ጀመረ። የቀረጸውም ከ1921 እስከ 1935 አልፎ አልፎ ይወጣ የነበረውን፣ «የሰላም ዶላር» የሚባለውን ሳንቲም ሲሆን፣ ዓመቱ ግን 1964 ተብሎ ነበር። 316,076 ፍሬ ከተቀረጸ በኋላ ሐሳቡ ተለወጠ። የብር እጥረት በበረታበት በዚያ ወቅት ሳንቲሞቹ ገበያ ላይ ሳይውሉ ሰብሳቢዎች እጅ ገብተው እንደሚቀሩ ግልጽ ሆነና ሁሉም ተመልሰው ቀለጡ። እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ ክምችት አምልጦ እውነተኛነቱ የተረጋገጠ አንድም ፍሬ በአደባባይ አልታየም።

ይሁንና 1964 የሚል ዓመትና ዴንቨርን የሚያመለክተውን «ዲ» ፊደል የያዘ የሰላም ዶላር መግዛት የፈለገ ሰው ዛሬ ገንዘቡን ከፍሎ ሊገዛ ይችላል። ይህን ሳንቲም የሚቀርጸው በኮሎራዶ የግል መቅረጫ ያለው ዳንኤል ካር የተባለ የቅርጽ ባለሙያ ነው። ካር በሙያው እንግዳ ሰው አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጡትን የኒው ዮርክንና የሮድ አይላንድን ባለ 25 ሳንቲም ሥዕሎች የነደፈ ነው። ዘዴውም ብልሃት የተሞላበት ነው። ባዶ የብር ዝርግ አይጠቀምም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በመንግሥት የተቀረጸ እውነተኛ የሰላም ዶላር ገዝቶ፣ ራሱ ባዘጋጀው ማተሚያ እንደገና ይጨምቀዋል። ብር ለስላሳ ብረት በመሆኑ ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ሳይቀልጥ እንደ ሊጥ ይፈስሳል፤ የቀድሞው ዓመት ይደፈጠጥና 1964 በቦታው ይተካል። አንዳንድ ጊዜ ጥሩ ማጉያ መነጽር የያዘ ሰው ከአዲሱ ቅርጽ ሥር የአሮጌውን ጥላ ሊያይ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ዕቃ ሰብሳቢዎች «የምናብ ሳንቲም» ይሉታል። ከሐሰተኛ ገንዘብ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ሐሰተኛ ገንዘብ ያለውን ይመስላል፤ የምናብ ሳንቲም ግን ተወዳድሮት የሚታይ እውነተኛ አቻ የለውም። ያልተቀረጸ ዓመት፣ ያልነገሠ ንጉሥ ወይም ከካርታ ላይ የሌለ አገር ይዞ ይወጣል። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ጥርት ያለ ቢመስልም በገበያ ላይ ግን ሁልጊዜ ጥርት አይልም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው ሕግ አስመስለው የተሠሩ የሰብሳቢ ሳንቲሞች «ቅጂ» የሚል ቃል በግልጽ እንዲቀረጽባቸው ያዝዛል። ካር ግን የእኔ ሥራ የተለወጠ እውነተኛ ዶላር እንጂ ቅጂ አይደለም፣ የምገለብጠውም ዋና ሳንቲም የለም ባይ ነው። የሚስማሙት አሉ፤ አጥብቀው የሚቃወሙትም አሉ። ለዚህ ጸሐፊ ግን ክርክሩ ከሕጉ ይልቅ ወደ ሁለተኛው ገዢ የሚያዘነብል ይመስለዋል። የመጀመሪያው ገዢ የሚገዛውን ያውቃል። ሳንቲሙ በውርስ ወይም በሽያጭ ሦስተኛ እጅ ላይ ሲደርስ ግን ታሪኩ አብሮት ይሄዳልን?

የዳግም ሽያጭ ዋጋ ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የአንድ የምናብ ሳንቲም ዋጋ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው፣ ማለትም ብረቱ ነው። የሰላም ዶላር 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 90 በመቶው ብር ስለሆነ ንጹሑ ብር 24 ግራም ያህል ይሆናል። የዕለቱን የአንድ ግራም ብር ዋጋ በ24 ያባዛ ሰው ሳንቲሙ ከዚያ በታች ሊወርድ የማይገባውን ወለል ያገኛል። ሁለተኛው ክፍል የማይዳሰስ ነው፤ ማን ቀረጸው? ስንት ቀረጸ? ደግሞስ ይቀርጽ ይሆን? የካር 1964 ከወለሉ በብዙ እጥፍ የሚሸጠው የቀረጸውን ብዛት ይፋ ስለሚያደርግና እያንዳንዱ ሥራ ተለይቶ ስለሚታወቅ ነው። ከመዳብና ከዚንክ ተሠርቶ ላዩ ብቻ በብር የተለበጠ፣ ሠሪው የማይታወቅ የምናብ ሳንቲም ግን በሚያምር ሣጥን ውስጥ ሆኖ በውድ ቢሸጥም፣ ገዢው መልሶ ሲሸጠው የሚያገኘው የሣጥኑን ዋጋ እንኳ ላይሆን ይችላል። ወለል የለውምና።

ሕግ ራሱ ይህን ሁለተኛ ክፍል የሚያሳድግበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የለንዲ ደሴት ባለቤት የነበረው ማርቲን ኮልስ ሃርማን እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ ገጹ የራሱን፣ በሌላው ገጹ ፓፊን የተባለችውን የባሕር ወፍ ምስል የያዙ የነሐስ ሳንቲሞችን በበርሚንግሃም አስቀረጸ። «አንድ ፓፊን» እና «ግማሽ ፓፊን» ይባሉ ነበር፤ የእያንዳንዱም ብዛት 50,000 ነበር። መንግሥት ከሶ 5 ፓውንድ አስቀጣው። ሳንቲሞቹ ከመገበያያነት ቢታገዱም ሰብሳቢዎች ግን ፈለጓቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ዳግመኛ ተቀርጸው ለሰብሳቢ ብቻ ወጡ። የ1929ኙን ከ1965ቱ ሳይለይ የሚገዛ ሰው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ስም ይገዛል ማለት ነው። ወደ እኛ ዘመን ቀረብ ስንል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በአሜሪካ ይሰራጭ የነበረውን «የነጻነት ዶላር» እናገኛለን። በርናርድ ፎን ኖትሃውስ ያስቀረጸው ይህ አንድ አውንስ የብር ሳንቲም በመጀመሪያ «10 ዶላር»፣ ኋላም «20 ዶላር» የሚል ጽሑፍ ነበረው። አሳታሚው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥፋተኛ ተባለ። ወንጀሉ ብሩ ሐሰት መሆኑ አልነበረም፤ ብሩስ እውነተኛ ነበር። ወንጀሉ ሳንቲሙ የመንግሥትን ገንዘብ መስሎ እንዲዘዋወር መደረጉ ነው።

አንባቢ እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለው በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ወደሚገኘው ጠገራ ብር እንምጣ። (በነገራችን ላይ፣ የብረቱ ስምና የገንዘቡ ስም በቋንቋችን አንድ መሆኑ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ሊያደናግር ይችላል፤ ከዚህ በታች «ብር» ስንል ብረቱን ማለታችን ነው።) ጠገራው የማሪያ ቴሬዛን ምስል ይዞ 1780 ይላል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ሲሆን ሳንቲሙ ግን ከሞተች በኋላም በዚያው ዓመት ስም መቀረጹን ቀጠለ። ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር በምትዘጋጅበት በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተረክባ በሮም ቀረጸች። በተከታዮቹ ዓመታትም ንግዳቸው እንዳይስተጓጎል የሰጉት እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቤልጂየም በየበኩላቸው በለንደን፣ በፓሪስና በብራስልስ ቀረጹ። ኦስትሪያ ዛሬም ትቀርጻለች። ዓመቱ ሁልጊዜ 1780 ነው።

ጠገራ ብር የምናብ ሳንቲም ነው ማለታችን አይደለም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሙሉ ገንዘብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስቀረጹት ብር እንኳ ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፤ በሕግ የተተካው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ሆኖም በላዩ የተጻፈው ዓመት የተቀረጸበትን ዓመት አለመናገሩ ከምናብ ሳንቲም ጋር ያዛምደዋል። ያደረሰውም ጉዳት ተመሳሳይ ነው። ከአያት የወረሰውን ጠገራ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ነው» ብሎ ትልቅ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው አዋቂ ገዢ ዘንድ ሲደርስ የሚሰማው ዋጋ ከብረቱ ዋጋ ብዙም ላይርቅ ይችላል። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጠገራ ተቀርጿልና። ከዚህ የከፋው ደግሞ ብረቱም ብር ሳይሆን ሲቀር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ጉዳይ ለመመርመር ግን ማንም ሰው የአርኪሜደስን ዘዴ ሊጠቀም ይችላል። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያሳይ የጌጣጌጥ ሚዛን፣ ውኃ የያዘ ብርጭቆና ቀጭን ክር ነው። በመጀመሪያ ጠገራውን በደረቁ እንመዝናለን፤ ብዙ ያልተበላ ከሆነ 28.07 ግራም አካባቢ ይሆናል። ቀጥሎ ውኃ የያዘውን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠን ሚዛኑን ወደ ዜሮ እንመልሳለን። ጠገራውን በክሩ አንጠልጥለን፣ የብርጭቆውን ወለልም ሆነ ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ እናጠልቀዋለን። ክሩን የያዘው እጃችን ስለሆነ ሚዛኑ የሚያሳየው የጠገራውን ክብደት ሳይሆን ጠገራው ቦታውን ያስለቀቀውን ውኃ ክብደት ነው። የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውኃ ክብደት አንድ ግራም ያህል ስለሆነ በግራም የተነበበው ቁጥር የጠገራው ይዘት ይሆናል።

ጠገራው 833 ከሺሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የብር እፍግታ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 10.49 ግራም፣ የመዳብ 8.96 ስለሆነ የድብልቁ ወደ 10.2 ይጠጋል። ስለዚህ ሚዛኑ 2.75 አካባቢ ማሳየት ይኖርበታል። በመዳብና በዚንክ የተሠራ አስመሳይ ግን እፍግታው 8.5 አካባቢ በመሆኑ ያንኑ ክብደት እንዲኖረው ከተፈለገ 3.3 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር መሙላት አለበት፤ ማለትም መወፈር ወይም መስፋት ግዱ ነው። መጠኑ ትክክል ከሆነ ደግሞ ክብደቱ ወደ 23.4 ግራም ይወርዳል። አስመሳዩ ከሁለቱ በአንዱ ይጋለጣል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። በንግሥቲቱ ፀጉርና በንስሩ ላባ መካከል የሚጣበቁ የአየር አረፋዎች ይዘቱን ከፍ ያደርጉታል፤ ውኃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና መጨመር ይረዳል። ሚዛኑ እስከ 0.1 ግራም ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ 2.7 ወይም 2.8 ማለቱ እፍግታውን ከ10.4 ወደ 10.0 ስለሚያዋዥቀው ናሱን ለመለየት እንጂ ጠገራውን ከሰላም ዶላር ብር (10.31) ለመለየት አይበቃም። እርሳስና ቆርቆሮን በትክክል መጥኖ ያደባለቀ አጭበርባሪም 10.2 ሊያገኝ ይችላል፤ ይሁንና እንዲህ ያለው ድብልቅ በጥፍር እስኪጫር ድረስ ለስላሳ ከመሆኑም በላይ ሲጣል እንደ ብር አያቃጭልም።

አሁን የካርን 1964 በዚሁ ብርጭቆ ውስጥ እንክተተው። 10.31 ይሰጣል፤ በ1923 ከተቀረጸው የሰላም ዶላር ጋር ልክ አንድ ነው፣ ምክንያቱም ራሱ የ1923 ዶላር ሊሆን ይችላልና! በሮም የተቀረጸው ጠገራም ከቪየናው ጋር በብርጭቆው ውስጥ አይለይም። በላቦራቶሪ ያለው የኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ መሣሪያ የተሻለ ይሠራል፤ የብሩን መጠን ብቻ ሳይሆን በውስጡ የቀሩትን ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች ያሳያል። ብር በኤሌክትሪክ ኃይል መጣራት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተጣራ ብር ብዙውን ጊዜ ትንሽ የወርቅ ቅሪት ይይዛል። በዚህም አሮጌውን ከአዲሱ የመለየት ተስፋ ይኖራል። ግን መሣሪያው የሚያነበው የላዩን ስስ ንብርብር ነው፤ አሮጌ ብር ቀልጦ እንደገና የተቀረጸ እንደሆነም ውጤቱ ያሳስታል። የካርን ሥራ በተመለከተ ደግሞ ብረቱ ያው የቀድሞው ስለሆነ መሣሪያው የሚለው አዲስ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ብረቱን መሣሪያ ሲያረጋግጥ፣ ቀራጩን ግን የሚያረጋግጠው ቅርጹና መዝገቡ ነው። የጠገራ አዋቂዎች በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው መርፌ ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ የንስሩን የጅራት ላባዎች አሰላለፍ ያያሉ፤ ከዚያም ከየመቅረጫው ከሚታወቁት ናሙናዎች ጋር ያነጻጽራሉ። የአገራችን ነጋዴዎችም ዕንቁዎቹ በግልጽ የማይታዩበትን ጠገራ አንቀበልም ይሉ እንደነበር ይታወቃል። ለምናብ ሳንቲም የገንዘብ ዋስትናው የሠሪው ዝርዝር፣ ደረሰኙና ከሳንቲሙ ጋር የተሰጠው ማስረጃ ነው። እነዚህ ከሳንቲሙ ከተለዩ የቀረው ወለሉ ብቻ ነው፤ አልያም ደግሞ «ከ1965ቱ ማቅለጥ ያመለጠ» እየተባለ ለየዋህ ገዢ ይቀርባል።

ሊሸጥ ላሰበ አንባቢ አንድ ነገር እንጨምር። በብር ላይ የሚታየው ጥቁረት በአየር ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ሲልቨር ሰልፋይድ ነው። በአመድ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና መፈተግ ጥቁረቱን ቢያስወግድም ከሥሩ ያለውን ብርም ይፍቃል፤ አዋቂ ገዢ የጭረቶቹን አቅጣጫ አይቶ ወዲያው ያውቃል፤ ዋጋውንም ይቀንሳል። በደረቅ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ከጎማና ከሱፍ ጨርቅ ርቆ ይቀመጥ፤ ማስረጃውም ከእርሱ ጋር።