አሮጌ የብየዳ ማሽን፦ የሚያረጀው ምኑ ነው?

ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ወጥተው የብረታ ብረት ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ወጣቶች በቅድሚያ ከሚያስፈልጓቸው ዕቃዎች መካከል የብየዳ ማሽን፣ ግራይንደርና ድሪል ዋነኞቹ ናቸው። አዲስ ለመግዛት አቅሙ ያልፈቀደለት ፊቱን ወደ አሮጌው ያዞራል። በአዲስ አበባ መርካቶ ያገለገሉ ዕቃዎችን በመሸጥ፣ በመጠገንና መልሶ በመሥራት የታወቀውን ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሁሉ፣ ከጋራዥ ወይም ከፋብሪካ የተወገደ ማሽን እንዴት ሁለተኛ ዕድሜ እንደሚያገኝ አይጠፋውም። ይሁንና ከውጭ ሲታዩ ፍጹም ከሚመሳሰሉ ሁለት አሮጌ ማሽኖች አንዱ ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል፣ ሌላው ግን የሠሪውን ሕይወት የሚቀጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ዕውቀት አብዛኛው በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ውስጥ የሚገኝ ነው። በዚህ ጽሑፍም ይህንኑ እንመለከታለን።

የማሽኑ አሠራር

በኤሌክትሮድ የሚሠራው የተለመደው አሮጌ የብየዳ ማሽን በመሠረቱ ትራንስፎርመር ነው። የሚሠራውም ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባሳየው የኤሌክትሮማግኔቲክ ኢንዳክሽን መርሕ ነው። ከስስ የብረት ንጣፎች በተሠራ ልብ ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ይጠመጠማሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ጥቅል 220 ዙር፣ ሁለተኛው 70 ዙር ቢኖራቸው የመብራት ኃይሉ 220 ቮልት ወደ 70 ቮልት ይወርዳል፤ በአንጻሩ የሚወጣው ካረንት ከሚገባው ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን ነክቶ ጥቂት ከፍ ሲል የእሳት ቅስት ይፈጠራል፤ በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ ወደ 20 ወይም 30 ይወርድና ከ100 አምፒር የሚበልጥ ካረንት ሊያልፍ ይችላል። ብረቱን የሚያቀልጠውም ይኸው ነው።

እንግዲህ በማሽኑ ውስጥ ያለው ብረትና መዳብ ነው። እነዚህ በተገቢው ሁኔታ ከተያዙ ሠላሳና አርባ ዓመት ቢያገለግሉም ጠባያቸው ብዙም አይለወጥም። ታዲያ የሚያረጀው ምኑ ነው? መልሱ ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም በሽቦዎቹ ዙርና በጥቅሎቹ መካከል ያለው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ነው። ቫርኒሹ፣ ወረቀቱና ጨርቁ በሙቀት ይደርቃሉ፤ ይሰነጠቃሉ፤ ይከስላሉ። በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት መሠረት፣ ሙቀቱ ከተወሰነለት መጠን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የኢንሱሌሽኑ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የማሽኑን ትክክለኛ ዕድሜ የሚነግረን የተመረተበት ዓመት ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ ከአቅሙ በላይ እንደጋለ ነው።

ከመግዛት በፊት

በቅድሚያ መነበብ ያለበት በማሽኑ ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ስለ ሦስት ነገሮች ይነግረናል።

አንደኛው ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ ነው። በአገራችን ያለው የመብራት ኃይል በአንድ ፌዝ 220፣ በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት ሲሆን ፍሪኩዌንሲው 50 ኸርዝ ነው። በልቡ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ከቮልቴጁ ጋር ቀጥተኛ፣ ከፍሪኩዌንሲው ጋር ግን ተገላቢጦሽ ዝምድና አለው። በመሆኑም ለ230 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ የአሜሪካ ማሽን ከእኛ መስመር ጋር ቢያያዝ ፍሰቱ በ15 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ልቡ ከልክ በላይ ሊሞላና ሊግል ይችላል። በ220ና በ380 ቮልት እንዲሠራ የተዘጋጀ ማሽንም ማገናኛው 220 ላይ እንዳለ ከ380 መስመር ጋር ቢገናኝ ጭማሪው ወደ 73 በመቶ ስለሚደርስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል።

ሁለተኛው የሥራና የዕረፍት መጠን ነው። በሰሌዳው ላይ «160 አምፒር፣ 35 በመቶ» ተብሎ ቢጻፍ፣ በዚያ ካረንት ከ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ደቂቃ ተኩል ብቻ ተበይዶ ቀሪውን ጊዜ ማሽኑ ማረፍ አለበት ማለት ነው።

ሦስተኛው የኢንሱሌሽኑ ደረጃ ነው። ኤ የተባለው እስከ 105፣ ቢ እስከ 130፣ ኤፍ እስከ 155፣ ኤች ደግሞ እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የማሽኑ ክዳን ተከፍቶ መታየት ይኖርበታል። ሻጩ ክዳኑን ለመክፈት ፈቃደኛ ካልሆነ ግዢውን መተው ይመረጣል። ጥቁር ቀለም፣ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ፣ ሲነካ የሚፈረፈር ሽፋን፣ የቀለጠ ማገናኛ መጥፎ ምልክቶች ናቸው። አዲስ ቀለም የተቀባ ውጫዊ አካል ግን ስለ ውስጡ የሚነግረን ነገር የለም።

መለካት እንጂ መገመት አይበቃም

ብዙዎች ኢንሱሌሽንን በተራ መልቲሜትር ለክተው «ደህና ነው» ይላሉ። ሆኖም መልቲሜትሩ የሚለካው በጥቂት ቮልት በመሆኑ በ220 ቮልት የሚሸነፈውን ሽፋን ላያሳይ ይችላል። ትክክለኛው መሣሪያ በ500 ቮልት የሚለካው ሜገር ነው። ማሽኑ ከመስመር ከተነቀለ በኋላ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ ጥቅልና በውጫዊው አካል መካከል ይለካል። በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ቢያንስ 5 ሜጋ ኦም መገኘት አለበት።

የዚህን ትርጉም በኦም ሕግ እናስላው። 220 ቮልት በ5 ሜጋ ኦም ውስጥ የሚያሳልፈው 0.044 ሚሊ አምፒር ብቻ ስለሆነ ሰው አይሰማውም። ኢንሱሌሽኑ ወደ 10 ሺህ ኦም ቢወርድ ግን ኤሌክትሮድ መያዣውን በጨበጠ ሰው ውስጥ ወደ 20 ሚሊ አምፒር ሊያልፍ ይችላል። ከ10 ሚሊ አምፒር በላይ የሆነ ካረንት የእጅን ጡንቻ አኮማትሮ የጨበጡትን መልቀቅ ሊከለክል እንደሚችል የታወቀ ነው።

የተገኘው ቁጥር ዝቅተኛ ቢሆን ማሽኑ የግድ ሞቷል ማለት አይደለም። በእርጥብ መጋዘን የቆየ ማሽን ሽፋኑ ውኃ ይስባል። አቧራው በደረቅ አየር ተነፍቶ፣ ጥቅሎቹ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሞቃት አየር ቀስ ብለው ከደረቁ በኋላ ልኬቱ ይደገማል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ እርጥበት ነበር፤ አዲስ ቫርኒሽ ይቀባል። ካልተሻሻለ ግን ጥቅሉ እንደገና መጠምጠም አለበት። የተሰነጠቁ ኬብሎች ይለወጣሉ፤ ውጫዊው አካል ከመሬት ሽቦ ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ ይታሰራል። ይህ ሽቦ ከሌለ ኢንሱሌሽኑ በተበሳ ቀን ማሽኑን የነካ ሰው ራሱ የመሬት ሽቦ ይሆናል።

ግራይንደርና ድሪል

በእነዚህ ውስጥ የሚሽከረከር ሞተር ስላለ የሚያልቁ ክፍሎች ይጨመራሉ፤ እነርሱም ካርቦኖቹ፣ ኩሽኔታዎቹና ካርቦኑ የሚነካው የመዳብ ቀለበት ናቸው። ያጠረ ካርቦንና የሚጮህ ኩሽኔታ በቀላሉ ይለወጣሉ። የመዳቡን ቀለበት ዙሪያውን የሚከብ የእሳት ብልጭታ ግን ብዙውን ጊዜ የጥቅል ጉዳት ምልክት ስለሆነ ዋጋው እጅግ ካልረከሰ መግዛት አያዋጣም። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ውስጡ በሚገባ መጽዳት አለበት።

ከሁሉም በላይ የግራይንደሩ መከለያ መኖሩ መረጋገጥ ይገባዋል። በደቂቃ 11,000 ጊዜ የሚዞር የ115 ሚሊሜትር ዲስክ ጠርዝ በሰከንድ 66 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። መከለያውን አውልቆ የ230 ሚሊሜትር ዲስክ የሚገጥም ሰው የጠርዙን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 132 ሜትር ያደርሰዋል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ዲስክ የተሠራው ለ80 ሜትር ነው። ዲስኩን ለመበጣጠስ የሚታገለው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ጫናው ከተፈቀደው 2.7 እጥፍ ይሆናል። የተሰበረው ዲስክ ቁራጭም በዚያው ፍጥነት ወደ ፊትና ወደ አንገት ይወረወራል።

ማጠቃለያ

አንዳንድ ነገሮች ሊጠገኑ አይገባም። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት በተመረቱ አንዳንድ ማሽኖች ውስጥ አስቤስቶስ፣ በካፓሲተሮቻቸው ውስጥም ፒሲቢ የተባለ መርዛማ ዘይት ሊገኝ ይችላል። የሚፈስ አሮጌ ካፓሲተር በባዶ እጅ አይነካም፤ አይቃጠልም፤ ነጭ ጭረት ያለው የሙቀት መከላከያም በደረቁ አይፋቅም።

ከዚህ ውጪ ግን አሮጌ ማሽን በአግባቡ ለመረመረው ጥሩ ሀብት ነው። መዳቡና ብረቱ ይቆያሉ፤ ሕይወት የሚንጠለጠለው በመካከላቸው ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ሜገር የሌላቸው ጀማሪዎች ማሽኑን ከመግዛታቸው በፊት የሚያስለኩበት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ወይም በአቅራቢያቸው ያለ የቴክኒክ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ እንዲፈልጉ እንመክራለን። ለልኬቱ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ከሚከፈለው ዋጋ ሁሉ ይበልጣል።